ማባያው ማነው?

እንግሊዞች አንድ ባላባት ነበራቸው። ስሙ ጆን ሞንታጉ፣ ማዕረጉ የሳንዱዊች ኧርል። ሰውየው ቁማር ይዞ ከወንበሩ መነሳት ስላልፈለገ፣ ሥጋውን በሁለት ቁራሽ ዳቦ መሀል አድርገው አመጡለት ይባላል። የለም፣ ከወንበሩ ያላስነሳው ቁማር ሳይሆን የመንግሥት ሥራ ነው ብለው የሚከራከሩለትም አሉ። ሆነም ቀረ ቃሉ እ.ኤ.አ. በ1762 ኤድዋርድ ጊበን የተባለው የታሪክ ጸሐፊ የግል ማስታወሻው ላይ አስፍሮታል፤ ከዚያ ወዲህ ዓለም ሁሉ ሳንዱዊች ይላል። እኛን ያነጋገረን ግን ቁማሩ አይደለም። ዳቦውን የጋገረ ሰው ነበር፤ ሥጋውን የቆረጠ ሰው ነበር፤ ሁለቱን ደራርቦ በሳህን ያቀረበ ሰው ነበር። ስሙ የቀረው ግን የበላው ሰው ነው። እንዲህ ነው እንግዲህ የምግብ ስም አወጣጥ!

አሜሪካኖች ደግሞ አንዱን ዳቦ በአንድ ስም መጥራት ያቃታቸው ሕዝቦች ናቸው። ያው ረዥሙ ዳቦ ተሰንጥቆ ሥጋና አይብ ሲገባበት ፊላደልፊያ ላይ ሆጊ፣ ኒውዮርክ ላይ ሂሮ፣ በኒው ኢንግላንድ ግራይንደር፣ በሌላው አገር ሰብማሪን ይሆናል። ከሁሉ የወደድነው የኒው ኦርሊንሱን ነው። እዚያ ስሙ ፖ ቦይ ነው፤ «ምስኪኑ ልጅ» እንደማለት። እ.ኤ.አ. በ1929 የከተማው የትራም ሠራተኞች ሥራ ባቆሙ ጊዜ፣ ማርቲን የሚባሉ ወንድማማቾች፣ እነሱም ድሮ የዚያው ትራም ሠራተኞች የነበሩ፣ ምግብ ቤታቸው ለመጣ አድማ መቺ ሁሉ በነፃ ያበሉ ነበር። አንድ የራበው ሠራተኛ ብቅ ባለ ቁጥር «ሌላ ምስኪን ልጅ መጣ» ሲባባሉ፣ ስሙ ከሰውየው ወደ ዳቦው ተሻገረ ይላሉ። በዚያ ከተማ አስተናጋጁ ዳቦውን ከማምጣቱ በፊት «ይልበስ?» ብሎ ይጠይቃል። ይልበስ ካላችሁት ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ የኮመጠጠ ኪያርና ማዮኔዝ ይደረግበታል። አይልበስ ካላችሁ ራቁቱን ይመጣል።

ይህችን የልብስ ነገር ከሰማን ወዲህ የራሳችንን ዶርም በሌላ ዓይን ማየት ጀመርን። ስድስት አልጋ ነው ያለን። ጧት ጧት ከካፌ የምናገኘው ያንኑ አንድ ዓይነት ክብ ዳቦ ነው፤ ደረቅ፣ ለሁሉም እኩል፣ ፍጹም ፍትሐዊ የሆነ ዳቦ። ዳቦው ዶርም ሲገባ ግን እኩልነቱ ያበቃል። ሁሉም ከአልጋው ሥር የየራሱን ብልቃጥ ያወጣና ዳቦውን የአገሩን ልብስ ያለብሰዋል።

የጎንደሩ ልጅ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ድልህ ነው። ቀይ፣ ወፍራም፣ እናቱ ቃሪያው ቀልቶ ሳይደርቅ ፈጭታ ያዘጋጀችው። እሱ ድልህ እንጀራ ላይ ተቀብቶ ከትምህርት ቤት መልስ የሚበላ ነገር ነው ብሎ ያምናል፤ ዳቦ ላይ መቀባቱን እንደ ስደት ነው የሚቆጥረው። የአዲስ አበባው ልጅ አዋዜ ይላል። ያለ አዋዜም አይጨነቅም፤ ምክንያቱም እሱ የመጣው ከእርጥብ አገር ነው። እርጥብ ማለት የማታውቁ ካላችሁ፣ መንገድ ዳር ዳቦ ተሰንጥቆ ድንች ይሞላበትና ዳጣው ይፈስበታል፤ በቃ እርጥብ ነው። ልብ በሉ፤ ስሙ ዳቦውን አላነሳም፤ ድንቹንም አላነሳም። የተጠራው በልብሱ ነው፣ ያውም በልብሱ እርጥበት። የድሬዳዋው ልጅ ቢስባስ ይላል፤ ቃሪያው ሎሚ ካልነካው ለእሱ ምኑም አይደለም፤ ሳምቡሳ ያለ ቢስባስ ማቅረብ እንግዳን እንደ መስደብ ነው ይለናል። የአምቦው ልጅ ቆጭቆጫ ይላል። ቃሉ ራሱ አፍ ውስጥ ይቆጠቁጣል።

የቀሩት ሁለቱ አልጋዎች የሀዲያና የከምባታ ናቸው። እነሱ ዳጣ ይላሉ። አረንጓዴ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ጨው፤ ድንጋይ ላይ ተፈጭቶ። የአምቦው ልጅ አንድ ቀን በጣቱ ነክቶ ቀመሰና «ይሄማ ቆጭቆጫ ነው!» አለ። ክርክሩ እስከ መብራት ማጥፊያ ሄደ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ደግሞ ይህ ሁሉ ኩራት የተሠራው በአንድ የባዕድ ፍሬ ላይ ነው፤ ቃሪያና በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር ተነሥተው፣ የዛሬ 500 ዓመት ገደማ ባሕር መሻገር የጀመሩ ተክሎች ናቸው። ሥሩ ከውጭ የመጣውን ነገር እያንዳንዳችን «የእናቴ ነው» ብለን እንማልበታለን። ለነገሩ ፈጭታ ያዘጋጀችው እናት ከሆነች የእናት ነው።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። ጨዋታው የተበላሸው ልብሱን ትተን ስለ አካሉ ማውራት የጀመርን ቀን ነው፤ ማለት ስለ ዳቦው።

የቦኖሻው ልጅ (የሀዲያው አልጋ የእሱ ነው) ከቤቱ በኮባ የተጠቀለለ ነገር ተላከለት። ሲፈታ ሽታው ኮሪደሩን ሞላው። ያልለመደ ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ አንዳንዱም ይዟል። ቆጮ ነው። በማግስቱ ማታ ከዚያ ጥቅል አንድ ቁራሽ አልተረፈም፤ አፍንጫቸውን የያዙት ናቸው በብዛት የበሉት። የአዲስ አበባው ልጅ እጁን እየላሰ «እንዴ! ክትፎ ቢኖረው ኖሮ እኮ ሙሉ ነበር» አለ። የቦኖሻው ልጅ ቀና ብሎ አየውና «ምን ጎደለው?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው የቁጣ አልነበረም። ከልቡ አልገባውም።

እኛ የቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን፤ ቃል ሲጣል አንስተን ማየት ሙያችን ነው። ስለዚህ ነገሩን በሰዋስው ያዝነው። አማርኛ ማባያ የሚል ግሩም ቃል አለው። ማባያ ማለት ዋናውን ምግብ ተከትሎ የሚበላው ነው፤ ወጡ፣ አይቡ፣ ጎመኑ። ዋናው ምግብ ደግሞ እንጀራው ወይም ዳቦው ነው። ማን ዋና ማን ማባያ እንደሆነ የምትነግረን አንዲት ትንሽ ፊደል አለች፤ «በ»። እንጀራ በወጥ። ዳቦ በማርማላታ። ዳቦ በሻይ። ቂጣ በእርጎ። ፊት የቆመው አካሉ ነው፤ «በ»ን ለብሶ ኋላ የመጣው ማባያው ነው። አሁን የምግብ ቤት ዝርዝር ክፈቱ። «ክትፎ በቆጮ» ይላል።

ተገልብጧል! አካሉ ማባያ ሆኗል፤ ማባያው ፊት ወጥቷል።

የጎንደሩ ልጅ ተቃወመ። ተቃውሞው ጥሩ ስለነበረ እንጽፈዋለን። «ሆቴል ስንገባ እኮ ጥብስ በእንጀራ ይሁን በዳቦ? ብለው ይጠይቁናል። እንጀራም ተገልብጧል፤ የቆጮ ብቻ ምን ልዩ ሆነ?» አለ። እውነቱን ነው። መገልበጡ የብሔር ጉዳይ አይደለም፤ የቤትና የሆቴል ጉዳይ ነው። ሆቴል ዋጋ የሚጽፈው ለሥጋው ስለሆነ ሥጋውን ያስቀድማል፤ እንጀራው እንደ ሶፍትና እንደ ስቴኪኒ አብሮ የሚመጣ ነገር ነው። ብቻ አንድ ልዩነት አለ። ጥብስ በእንጀራ ያዘዘ ሰው ቤቱ ሲመለስ እንጀራ በወጥ ይበላል፤ ሆቴል የገለበጠውን እናቱ ታቃናዋለች። ቆጮን ሆቴል ውስጥ ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን የሚያቃናለት የለም። ለእሱ ቆጮ ዕድሜ ልኩን የክትፎ ተከታይ ነው፤ ክትፎ በሌለበት ቦታ ቆጮ ምን እንደሚሠራ አይገባውም። «ሙሉ ነበር» የምትለዋ ቃል የመጣችው ከዚህ ነው።

ስሙም አብሮ ነው የተገለበጠው። በሀዲያም በከምባታም ተክሉ ዌሳ፣ ከተክሉ የሚወጣው ምግብ ዋሳ ነው። ሁለቱ ዶርም ጓደኞቻችን ቃሉ የማን ነው በሚል አንድ ጊዜ ሊጣሉ ነበር፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ከሲዳምኛና ከጌዴኦኛ ጋር የአንድ ቤት ልጆች፣ የደጋው ምሥራቅ ኩሽ ቤተሰብ መሆናቸውን መምህራችን ሲያስረዳ ሁለቱም ዝም አሉ። ሲዳማም ዋሳ ይላል። ጉራጌው፣ ቋንቋው ከሴም ወገን ሆኖ ሳለ፣ ዉሳ ይላል። ቃሉ ተራራ ለተራራ፣ ጓሮ ለጓሮ ሲሄድ የኖረ ቃል ነው። ቆጮ የሚለው የአማርኛው ስም የሄደው ግን በአስፋልቱ ነው። መኪና የቆመበት ከተማ ሁሉ ቆጮ ይባላል።

ይህን ለማረጋገጥ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። ሆሳዕና አንድ ምግብ ቤት ገብተን የቦኖሻው ጓደኛችን «ዋሳ አለ?» ብሎ በሀዲይኛ ጠየቀ። አስተናጋጁ የእዚያው አገር ልጅ ነው፤ በሀዲይኛ ሰላምታ ተለዋውጠዋል። መልሱን ግን በአማርኛ መለሰው፤

«ቆጮ ነው?»

«ዋሳ ነው ያልኩህ።»

«ወንድሜ፣ ዋሳ እቤት ነው። እዚህ ቆጮ ነው።»

አልሳቀም። እንደ ሥራ ደንብ ነው የነገረው። የምናውቀው ልጅ ስለሆነ ሳይሆን ሐቀኛ ስለሆነ ወደድነው። በነገራችን ላይ ከተማዋ ራሷም እንዲሁ ናት፤ ሆሳዕና ከመባሏ በፊት ቦታው ዋቸሞ ነበር፤ ዛሬ የድሮውን ስም ይዞ የቀረው ዩኒቨርሲቲው ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሆሳዕና የአዲሱ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ናት፤ እንግዳው በዛ፣ ስብሰባው በዛ፣ ሆቴሉ በዛ። እንግዳ በበዛ ቁጥር እቤት የሚቀረው ቃል ይበዛል።

ለመሆኑ ሆቴሉ ማባያ ያደረገው ነገር እንዴት ነው የሚሠራው? የክትፎውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ጥሩ ቢላና ጥሩ ቅቤ ያለው ሰው ቶሎ ያደርሰዋል። እንሰቱ ግን ለመድረስ አራት፣ አምስት፣ ደጋው ላይ ከዚያም የበለጠ ዓመት ይፈጃል። በየጊዜው እየተነቀለ ወደ ሰፊ ቦታ ይዛወራል። ሲደርስ ይቆረጥና ሴቶች ተሰብስበው ግንዱን በሳንቃ ላይ አስደግፈው በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቁታል። አንድ እግር ሳንቃው ላይ፣ ሁለት እጅ መፋቂያው ላይ፤ ወገብ ነው የሚያልቀው። በልማዱ ወንድ በዚያ ቦታ አይገኝም፤ ወንድ ይተክላል፣ ያዛውራል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የሴት ነው። የተፋቀው በኮባ በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ለሳምንታት፣ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይብላላል። ከዚያ ወጥቶ ይጨመቃል፤ ጭረቱ እስኪልም በቢላ ይከተፋል፣ ደግሞ ይከተፋል፤ በኮባ ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ይጋገራል። ከውስጡ የሚጣራው ነጩ ቡላ ነው፤ ሀዲያዎች ቡላውን በቅቤ አድርገው አታካና ይሠሩበታል፤ ስለ አታካና መጻፍ ከጀመርን ግን ይህ ወግ አያልቅም።

«ይከተፋል» ያልነውን አስተውላችኋል? ክትፎ ከተፈ ከሚለው ግሥ ነው። ዋሳውም የሚከተፍ ነው፤ ያውም ከሥጋው ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚከተፍ። ስሙን የወሰደው ግን ሥጋው ነው። ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከዚህ ተክል ጋር ኑሮው የተሳሰረ እንደሆነ ይገመታል፤ የዚህ ሁሉ ሕዝብ እንጀራ በአንዲት «በ» ከኋላ ተቀጥሎ ይኖራል።

በሰሜኑ ያሉትም እንሰትን አያውቁትም ማለት ሐሰት ነው። የጎንደሩ ጓደኛችን ኮባን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ አያቱ ድፎ ዳቦ የሚጋግሩበት ቅጠል ነው። ጓሯቸው ውስጥ ሁለት ሦስት ግንድ ቆሞ ነበር፤ ለቅጠሉ ብቻ። ተክሉ ሆዱ ውስጥ ምግብ እንዳለው የሰማው እዚህ ነው። ሲሰማ ለረዥም ጊዜ ዝም አለና «ስንት ዳቦ በምግብ ጠቅልለን በልተናል» አለ።

ለሴሚስተር ዕረፍት ከእኛ ሦስታችን ቦኖሻ ሄድን። ቦኖሻ የሻሾጎ ወረዳ ከተማ ናት። ከሆሳዕና ቁልቁል ነው የሚወረደው፤ እየወረዳችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ጓሮው ከእንሰት ወደ በቆሎና ወደ በርበሬ ይለወጣል፤ ወዲያ የቦዮ ሐይቅና ረግረጉ፣ ወዲህ የሃላባ ድንበር። የሃላባን በርበሬ የማያውቅ የለም፤ የሻሾጎም በዚያው አፈር ጎረቤት ነው። ማረቆ በስሙ ይኮራል፤ የማረቆ በርበሬ አዲስ አበባ ድረስ በስሙ ይጠራል። የቦኖሻው ገበያ በርበሬ ግን በየጆንያው ገብቶ የሌላ ከተማ ስም እየያዘ ይሄዳል ብሎ ጓደኛችን ያማርራል። ተቆርቋሪ ልጅ ነው።

ገበያው ላይ ነው ነገሩ የበራልን። በአንድ በኩል ከደጋው የወረዱ ሴቶች በኮባ የተጠቀለለ ዋሳ ይዘው ተቀምጠዋል። በሌላው በኩል የቆላው ሴቶች ቃሪያና በርበሬ ዘርግተዋል። ከደጋ የመጣችው ዋሳዋን ሸጣ በርበሬ ገዝታ ትወጣለች፤ የቆላዋ በርበሬዋን ሸጣ ዋሳ ይዛ ቤቷ ትገባለች። አካሉ ከላይ ይወርዳል፣ ልብሱ ከታች ይወጣል፤ የሚገናኙት እዚያ አቧራ ላይ ነው። ያ የእንግሊዝ ባላባት ከወንበሩ ሳይነሳ ያገኘውን እነዚህ ሴቶች ተራራ ወጥተውና ወርደው ያገኙታል።

የጓደኛችን እናት ቤት ዋሳ፣ አይብ፣ ጎመንና ዳጣ ቀረበልን። ልጃቸው እያስተረጎመ አወራን። «እዚያ ትምህርት ቤታችሁ ምን ትበላላችሁ ልጆቼ?» አሉ። ጧት ዳቦ በሻይ እንበላለን አልናቸው። «እሱስ ይሁን፤ ምግቡስ?» አሉ። ዳቦ በሻይን እንደ ምግብ አልቆጠሩትም፤ መልስ አጣን። ከዚያ ከመካከላችን አንዱ፣ ነገረኛው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ክትፎ በቆጮ ስንት እንደሚሸጥ እንዲነግራቸው ጓደኛችንን ጠየቀው። ልጁ በሀዲይኛ ተናገረ፤ እናቱ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ምን ብለህ ነው የተረጎምክላቸው ብለን ስንጠይቀው፣ ሳያስብ፣

«ሥጋ ያለበት ዋሳ፣ ነው ያልኳት» አለ።

አቃንቶታል! ሰዋስው ሳይጠይቅ፣ ክርክራችንንም ሳያስታውስ፣ በእናቱ ቋንቋ ሲናገር ዋሳው ራሱ ወደ ፊት ወጣ። እኛ ሦስት ሳምንት የተጨቃጨቅንበት ነገር በአንድ ትንፋሽ ተስተካከለ።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ምግብ ስለምንወድ ብቻ አይደለም፤ ብንወድም። አካሉም ልብሱም ታመዋል። የእንሰት አጠውልግ የሚባለው በሽታ በሳይንስ መጽሔት ስሙ ተመዝግቦ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ እስከ ዛሬ የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም። የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ አንዱን ቆርጦ ወደ ሌላው የሚሻገረውን ቢላ በእሳት ማጽዳት፣ ጤነኛ ችግኝ መትከል፤ ሌላ ብልሃት የለም። አምስት ዓመት የጠበቁት ተክል በወራት ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይወድቃል። ዝንጅብሉ ደግሞ፣ ያ ዳጣውን ዳጣ የሚያሰኘው፣ በ2004 ዓ.ም. የራሱ አጠውልግ መጣበት። የከምባታው ጓደኛችን ዘመዶች ሀዳሮ በኩል ናቸው፤ ያ አገር በዝንጅብል የሚኖር አገር ነበር። ዝንጅብል ሸጦ ልጅ የሚያስተምር ቤት በአንድ ክረምት ባዶ ማሳ ላይ ቆመ። ጓደኛችን ስለዚያ ዓመት ብዙ አያወራም። ዳጣ ሲቀምስ ግን ሁልጊዜ የሚላት አንዲት ነገር አለች፤ «ዝንጅብሉ ትንሽ ነው።» አሁን ነው የገባን።

እንሰቱ በሄደበት ቦታ ምን ይተካል? ፉርኖ ዳቦ። ከተማዎቹ ውስጥ ትምህርት ቤት በር ላይ ልጆች ሲበሉ ያየነው ፉርኖ ዳቦ በዳጣ ነው። ዳቦው በአውራ ጣት ይሰነጠቃል፣ ዳጣው በማንኪያ ይገባል፣ ያው የኒው ኦርሊንሱ ምስኪን ልጅ ነው። አንዱን ልጅ ስሙ ምንድን ነው ብለን ጠየቅነው። «ዳቦ» አለ። በምን? «በዳጣ» አለ፤ ይህም ይጠየቃል ወይ በሚል አስተያየት እያየን። ልብሱ ተርፏል፤ አካሉ ተለውጧል። ጣፋጭ አይደለም አንልም፤ ገዝተን በልተናል። ስንዴው ግን ከሩቅ ይመጣል፣ ዋጋውም ከሩቅ ይቆረጣል፤ ዋሳው ጓሮ ውስጥ ነበር።

ባለፈው ኅዳር 29፣ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲከበር፣ ለምግብ ዝግጅቱ ዝርዝር የሚጽፍ ኮሚቴ ተቋቋመና ዶርማችን በሙሉ ገባበት። አስቡት እንግዲህ! የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ተራ ቁጥር አንድ «ቆጮ» ይላል፤ በቃ፣ ሌላ ምንም የለም። የቦኖሻውና የከምባታው ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ድምፅ ተነሡ። «ዋሳ በአይብና በዳጣ» ተብሎ ይጻፍ። ከጉራጌ የመጣ አንድ ተማሪ ዉሳም ይግባ አለ። ሌላው፣ እንግዳው ካላወቀው ማን ይቀርበዋል፣ ቆጮ ይባል አለ። እሱም ያለ ምክንያት አልተናገረም፤ ያልተበላ ምግብ በስሙ አይጠግብም። የጎንደሩ ልጅ፣ ያ ኮባ ብቻ ያውቅ የነበረው፣ ተነሥቶ ስለ «በ» አንድ ሩብ ሰዓት ተናገረ፤ ከእኛ የሰማውን አሳምሮ ነው የተናገረው፤ ጭብጨባም አገኘ። በመጨረሻ «ዋሳ በአይብ፣ በጎመንና በዳጣ» ተብሎ ጸደቀ፤ ከሥሩ በቅንፍ ቆጮ ተባለ።

ደስ ብሎን ልንበተን ስንል ከዶዮገና የመጣች አንዲት ተማሪ፣ ስብሰባውን በሙሉ ዝም ብላ የተከታተለች፣ እጇን አወጣች። ዶዮገና የእንሰት አገር ነው። ሰብሳቢው ዕድል ሰጣት።

«ስሙ ጥሩ ነው» አለች። «ለመቶ ሰው የሚሆነውን ማን ይከትፈዋል?»

ክፍሉ ውስጥ ካለነው ውስጥ ሃያ ያህሉ ወንዶች ነበርን። አንዱ ገበያ ላይ የተጋገረ ይገኛል አለ። ይገኛል፣ ግን ትናንት የተጋገረ ነው አለች። ሌላው ለእናቴ ልደውል አለ። እሷም ወረቀት አውጥታ ቢላ ያለው፣ ሳንቃ ያለው፣ ከምሽቱ 11 ሰዓት ጀምሮ መቆም የሚችል ሰው ስሙን እንዲጽፍ ለቀረባት ሰው አቀበለችው። ወረቀቱ ወንበር ለወንበር ሲዞር ቆየ። ወደ እሷ ሲመለስ የሦስት ሴቶች ስምና፣ በትልልቅ ፊደል፣ የቦኖሻው ልጅ ስም ነበረበት። ከኋላው በእርሳስ «ቢላ የለኝም» ብሎ የጎንደሩ ልጅ ጽፏል።